ቦታችንን ሸጠን ህንድ ልንሄድ ነው፤ የኦቲዝም ጥናት እውነት እዚህ ደርሷል?

የባቢ እናት (ሐዋሳ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ሁሌ ዝም ብዬ ነው የማነበው፤ ዛሬ ግን ጨነቀኝና ጻፍኩ።

ልጄ አራት ዓመት ከአምስት ወሩ ነው። ቤት ውስጥ ባቢ ነው የምንለው። ሁለት ዓመት ሊሞላው ሲል «ማማ» እና «ውሃ» ይል ነበር፤ ከዚያ እነሱም ጠፉ። ስሙን ስጠራው አይዞርም። የለስላሳ ጠርሙስ ሲከፈት ግን ከጓዳ ሮጦ ይመጣል። ለስላሳውን አይደለም፣ ቆርኪውን ነው የሚፈልገው። አንድ የወተት ጣሳ ሙሉ ቆርኪ አለው። መሬት ላይ ይደረድረዋል፤ ቀዩን ለብቻ፣ ቢጫውን ለብቻ። አንዷን ካነሳሁበት ጩኸቱ እስከ አስፋልቱ ይሰማል።

አዲስ አበባ ወስደነው ኦቲዝም ነው ተባልን። ሩብ ሰዓት እንኳን አልሞላም፤ ወረቀት ይዘን ወጣን። ከዚያ በኋላ ምን እናድርግ ስንል «ይከታተላል» አሉን። የት? ማን ጋ? የነገረን የለም።

እኔ አረብ ሰፈር ልብስ እሰፋለሁ። አማቴ «ከልጁ ይልቅ ሲንጀሩን አቅፈሽ ስለኖርሽ ነው» ይሉኛል። ጎረቤት ደግሞ «ስልክ ስለሰጠሽው ነው» ይለኛል። አሜሪካ ያለችው የባለቤቴ እህት በየሳምንቱ ቪዲዮ ትልካለች። አንዴ ክትባት ነው፣ አንዴ በእርግዝና የወሰድሽው ፓራሲታሞል ነው፣ አንዴ አዲስ ቫይታሚን ተገኘ። አሁን ደግሞ ባለቤቴ በቴሌግራም ከአንድ ደላላ ጋር ተገናኝቶ ህንድ ሄደን ስቴም ሴል እናስደርግ ይላል። «በጥናት የተረጋገጠ ነው» ብሎታል ሰውዬው። ባለቤቴ ባጃጅ ነው የሚነዳው። ያለችን 140 ካሬ ቦታ ብቻ ናት። ገዢም ተገኝቷል፤ ቀብድ ልቀበል ይላል።

ጥናቱ በእርግጥ የት ደረሰ? የሚያውቅ ሰው በቀላል አማርኛ ይንገረኝ። እባካችሁ አትስደቡኝ።


አቤል ታቦር

እህቴ አይዞሽ። የአጎቴ ልጅ እስከ ስድስት ዓመቱ አልተናገረም ነበር፤ ዛሬ ዝም በል ብንለው ዝም አይልም። ጠበል ውሰጂው፣ ይፈታል። ክትባቱን በተመለከተ ግን እኔም የሰማሁት ነገር አለ። ፈረንጆቹ ራሳቸው አጥንተው ያመኑት ነው። ለሁለተኛው ልጅሽ አታስከትቢ።


ፋርማሲስቱ (ሐዋሳ፣ አቶቴ)

የባቢ እናት፣ ቀብዱን እንዳይቀበል። መጀመሪያ ይሄን ልበልና ሌላውን ቀስ ብዬ ላውራሽ።

እኔ እዚሁ ሐዋሳ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው፤ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ኦቲዝምን ያወቅሁት ግን ትምህርት ቤት አይደለም። ታናሽ ወንድሜ 19 ዓመቱ ነው፣ አይናገርም። እናታችን ይዛው ያልሄደችበት የለም። ማታ ማታ ገበያው ሲቀዘቅዝ ባንኮኒው ላይ ተደግፌ የጥናት ጽሑፍ ማንበብ የጀመርኩት በእሱ ምክንያት ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ ይህን ያዢልኝ።

ከስቴም ሴሉ ልጀምር። ስቴም ሴል ማለት ገና ሌላ ዓይነት ሴል መሆን የሚችል ሴል ነው፤ በእትብት ደም ውስጥም ይገኛል። አሜሪካ ያለው ዱክ ዩኒቨርሲቲ መጀመሪያ 25 ልጆች ላይ የእትብት ደም ሞክሮ ልጆቹ ተሻሻሉ አለ። ያኔ ዓለም ተንጫጫ። ያ ሙከራ ግን ማነጻጸሪያ አልነበረውም። ልጅ እኮ በስድስት ወር ውስጥ ዝም ብሎም ያድጋል። ብዙ የለፋ ወላጅ ደግሞ ትንሿን ለውጥ ትልቅ አድርጎ ያያል፤ እናቴን አይቻለሁ። ስለዚህ ሰዎቹ ሙከራውን እንደ ገና በ180 ልጆች ላይ ሠሩት። ለከፊሎቹ የእትብት ደም፣ ለከፊሎቹ ማስመሰያ (መድኃኒቱ የሌለበት) ተሰጠ፤ ለማን ምን እንደተሰጠ ወላጅ አያውቅም። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2020 ወጣ፤ የጥናቶቹን ዓመት ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጠራልሽ። ከስድስት ወር በኋላ በዋናው መለኪያ በሁለቱ መካከል ልዩነት አልተገኘም። ደላላው «በጥናት ተረጋግጧል» ሲል የመጀመሪያውን ወሬ ይዞ ነው፤ ሁለተኛውን አይነግራችሁም። እሱ ኮሚሽኑን ይቆጥራል።

እንዲህ ተስፋ ተጥሎበት የወደቀ ይሄ ብቻ አይደለም። ኦክሲቶሲን የሚባል ሆርሞን በአፍንጫ ይረጫል፣ ልጁ ሰው መቅረብ ይጀምራል ተብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 በ290 ልጆች ላይ የተሠራው ጥናት ከማስመሰያው አይበልጥም አለ። ቡሜታኒድ የሚባል የሽንት መድኃኒትም ነበር፤ ትልቁ ሙከራ በዚያው ዓመት ጥቅም የለውም ተብሎ ተቋረጠ። ዛሬ ኦቲዝምን የሚያድን መድኃኒት የለም። ሪስፐሪዶን አለ፤ አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. በ2006 የፈቀዱት ከኦቲዝም ጋር ለሚመጣ ከባድ ቁጣና ራስን መምታት ነው። እሱም ያለ ሐኪም ማዘዣ አይሞከርም፤ ውፍረት ያመጣል። እህትየው «አዲስ ቫይታሚን» ያለችው ፎሊኒክ አሲድን ከሆነ፣ እስካሁን ያሉት ሙከራዎች በጣም ትንንሽ ናቸው። እኔ ብሆን በትንንሽ ሙከራ ልጄን አላስጀምርም። አንዴ ተሸውደናል።

የፓራሲታሞሉ ነገር በእጄ የገባ ታሪክ ስለሆነ ላውራው። በእኛ መስከረም 12 ቀን 2018 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ትራምፕ ነፍሰ ጡሮች እንዳይወስዱት ተናገሩ። መስቀል ሊገባ ሲል አንዲት የስምንት ወር እርጉዝ ወደ እኛ መጣች። ሰውነቷ ይነዳል፤ ቴርሞሜትሩ 39 አለ። ፓራሲታሞሉን ስዘረጋላት እጇን ሰበሰበች። «ልጄን ኦቲዝም አታድርግብኝ» አለችኝ። ስልኳን አውጥታ ቪዲዮውን አሳየችኝ። ወንበር ሰጥቻት ስዊድን 2.4 ሚሊዮን ልጆችን ተከታትላ ያወጣችውን ጥናት በአፌ ነገርኳት። መጀመሪያ እንዲሁ ሲታይ ትንሽ ልዩነት ነበረ። ከዚያ የአንድ እናት ልጆችን እርስ በርስ አነጻጸሩ፤ አንዱን ስታረግዝ የወሰደች፣ ሌላውን ስታረግዝ ያልወሰደች። ልዩነቱ ጠፋ። ይህ ማለት መድኃኒቱ ሳይሆን ከቤተሰቡ ጋር አብሮ የሚሄድ ሌላ ነገር ነበር ማለት ነው። እሷን ያሳመናት ግን ስዊድን አይደለችም። «ትኩሳቱ ራሱ ለልጁ አይበጅም» ስላት ነው ውሃ ስጠኝ ያለችው። ወባ ትመርመር ብዬ ላክኋት። አንቺም በእርግዝናሽ ስለወሰድሽው ኪኒን ሌሊት አትንቂ።

አቤል፣ ወንድሜ፣ ስለ ጠበሉ አልከራከርህም። እናቴ ወንድሜን አስጠምቃዋለች፤ እሷ ራሷ ቀልሏት ትመለስ ነበር፣ ያ ለኔ ትንሽ ነገር አይደለም። ልጁ ሲታሰርና ሲገረፍ ያየሁበት ቦታ ግን አለ፤ እዚያ ላይ አልስማማም። ክትባቱን በተመለከተ ያልከው ግን ተገልብጦ ነው የደረሰህ። ወሬው የተነሳው እ.ኤ.አ. በ1998 ዌክፊልድ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ስለ ኩፍኝ ክትባት በ12 ልጆች ላይ ተመሥርቶ ባወጣው ጽሑፍ ነው። መጽሔቱ በ2010 ጽሑፉን ሰረዘው። ሰውዬውም በዚያው ዓመት ከሐኪምነት መዝገብ ተፋቀ። ዴንማርክ ደግሞ 657,461 ልጆችን ተከታትላ በ2019 ምንም ግንኙነት የለም አለች። 12 እና 657,461! እኛ ጋ የኩፍኝ ክትባት በ9 ወርና በ15 ወር ነው የሚሰጠው። ኩፍኝ የጣለውን ልጅ ያየ ሰው እንዲህ አይመክርም።

ወደ አማትሽ እንምጣ። ሳይንስ ራሱ አንድ ጊዜ እንደ እሳቸው ይናገር እንደነበር ታውቂያለሽ? ካነር የሚባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1943 ስለ 11 ልጆች ጽፎ ኦቲዝምን ለዓለም አስተዋወቀ። ከእሱ በፊት በ1925 ሱካሬቫ የምትባል የሶቪየት ሐኪም ጽፋበት ነበር፤ ማንም አላነበበላት። ከካነር በኋላ ታዲያ ለዓመታት ጥፋቱ የእናት ነው ተባለ። ስም እንኳን ወጣላቸው፤ «የፍሪጅ እናቶች»። እናትየዋ ስለቀዘቀዘች ልጁ ተዘጋ ነው ነገሩ። ሲንጀርሽ ፍሪጅ ሆነልሽ! ይህን ሐሳብ በ1964 በመጽሐፍ ተነስቶ ከተቃወሙት አንዱ ሪምላንድ የሚባል የሥነ ልቦና ባለሙያ ነው። የኦቲስት ልጅ አባት ነበር፤ ሚስቱ ምን ያህል እንደምትወድ ያውቃል።

ከዚያ መንትዮች ተጠኑ። በ1977 እንግሊዝ ውስጥ 21 ጥንድ መንትዮች። ከአንድ እንቁላል በወጡት 11 ጥንዶች ውስጥ በአራቱ ሁለቱም ልጆች ኦቲዝም ነበራቸው፤ ከተለያየ እንቁላል በወጡት 10 ጥንዶች በአንዱም ሁለቱም ላይ አልተገኘም። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ በሩን ግን ከፈተ። በ2019 አምስት አገር ላይ 2 ሚሊዮን ልጆች ታይተው አንዱ ልጅ ኦቲዝም ሲኖረው ሌላው የማይኖረው ለምን እንደሆነ ከሚያስረዳው ልዩነት 80 በመቶ ገደማው ከዘር የሚወረስ ነው ተባለ። በዘር ሲባል ግን «የአባቱ ወገን ነው፣ የእናቱ ወገን ነው» ተባብላችሁ እንዳትጣሉ። የተገኙት ጂኖች ከመቶ በላይ ናቸው፤ አንዳንዱ ለውጥ ከአባትም ከእናትም ሳይመጣ ልጁ ላይ እንደ አዲስ የሚፈጠር ነው።

ጎረቤትሽ ስለ ስልክ ላሉት ደግሞ አንድ ጥናት ብቻ ልጥቀስ። በ2013 ሕፃናት ሰው ሲያዩ ዓይናቸው የት እንደሚያርፍ በካሜራ ተከታተሉ። በኋላ ኦቲዝም የተገኘባቸው ልጆች የሰው ዓይን ማየት መቀነስ የጀመሩት በሁለተኛውና በስድስተኛው ወር መካከል ነበር። የስድስት ወር ልጅ ስልክ ይዞ አያውቅም። ስልኩን መቀነስ ጥሩ ነው፤ ሰዓት ይተርፍሻልና። ባቢን እንዲህ ያደረገው ግን ስልኩ አይደለም።

አሁን ሰው «ኦቲዝም በዛ» የሚለው ከአሜሪካ ቁጥር ነው። የስምንት ዓመት ልጆች ላይ ሲቆጥሩ በ2000 ከ150 አንድ ነበር፤ በ2022 ከ31 አንድ ደረሰ። አብዛኛው የመለኪያው መስፋት ነው። በ2013 ድሮ ለብቻ ይጠራ የነበረውን አስፐርገር (ንግግር ሳይዘገይ የሚታይ የኦቲዝም ዓይነት) እና ሌሎቹን አንድ ስም ውስጥ ጨመሩ፤ ሐኪሙም መምህሩም ዓይኑ ተከፈተ። ሴቶች ልጆችም መታየት ጀመሩ። ሌላ ምክንያት ጭራሽ የለም አልልም። እኛ ሰፈር ግን ድሮም ነበሩ። «ጅል» እና «ዝምተኛው» እየተባሉ ጓዳ ውስጥ ነበሩ እንጂ።

እኔን ካነበብኩት ሁሉ ሁለት ነገር ነው የያዘኝ። አንዱ በ2025 የበጋቸው ወር ላይ የወጣ ነው። ከአምስት ሺህ በላይ ልጆችን ይዘው፣ አንድ ኦቲዝም ሳይሆን አራት ዓይነት የሚመስል ነገር አገኙ፤ እያንዳንዱ የራሱ የጂን አካሄድ አለው። ለዓመታት «የኦቲዝም ምክንያቱ ምንድን ነው» እያሉ አንድ ቁልፍ ፈለጉ፤ ምናልባት የበሩ ቁልፍ አንድ አልነበረም። ወንድሜና ባቢ አንድ ስም ተሰጣቸው እንጂ አንድ ነገር ላይኖራቸው ይችላል። ግን ልብ በይ፣ ይህ በአብዛኛው ከፈረንጅ ልጆች የተወሰደ ናሙና ነው። የአፍሪካ ልጆች ጂን ገና አሁን በኬንያና በደቡብ አፍሪካ እየተሰበሰበ ነው። ከዚህ ዓይነቱ ጥናት ነገ ለባቢ የሚወጣ መድኃኒት የለም።

ሁለተኛው ነው ለአንቺ የሚሆነው። ጥናቱ ወላጅን ወደ ማሠልጠን ዞሯል። እንደኛ ባለ አገር ስፔሻሊስት ተጠብቆ አይቻልማ! ህንድና ፓኪስታን ውስጥ ስፔሻሊስት ያልሆኑ የጤና ሠራተኞችን አሠልጥነው ወላጆች ቤት ላኩ፤ ውጤቱ በ2016 ወጣ። ወላጆቹ ልጃቸውን መከተል ቻሉ፣ ልጆቹም ራሳቸው ጀምረው መግባባት ጨመሩ። ህንድ ትሄዳላችሁ ከተባለማ ከህንድ መምጣት ያለበት ይሄ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትም ለወላጆች ሥልጠና አዘጋጅቷል፤ ዘጠኝ የቡድን ክፍለ ጊዜና ሦስት የቤት ጉብኝት ነው። አዲስ አበባ ላይ በአማርኛ ተስተካክሎ ተሞክሯል። ወ/ሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም፤ እሳቸውም የኦቲዝም ልጅ እናት ነበሩና ከዜሮ ነው የጀመሩት። እናቴ የእሳቸውን ቃለ ምልልስ በሬዲዮ ሰምታ ነው «ልጄ ስም አለው» ያለችው።

ሥልጠናው ውስጥ ያለው ነገር ሲያዩት ቀላል ይመስላል። በባቢ ቆርኪ ላሳይሽ። ቆርኪውን አትንጠቂው፣ አትደብቂበት። ጣሳውን አንቺ ያዢና ፊት ለፊቱ መሬት ላይ ተቀመጪ። የዓይንሽ ቁመት ከእሱ ጋር እኩል ይሁን። አንድ ቆርኪ ስትሰጪው «ቀይ» በይ፤ አንድ ቃል ብቻ። «ባቢዬ እንካ ይሄ ደግሞ ቀይ ነው አየኸው?» አትበይ፣ ይሰምጥበታል። ከዚያ ዝም በይና በሆድሽ እስከ አሥር ቁጠሪ። ከባዱ እሱ ነው። እናቴ እስከ አራት አትደርስም ነበር። እጁን ቢዘረጋ፣ አንድ ጊዜ ቀና ብሎ ቢያይሽ፣ ድምፅ ቢያወጣ ያው ጥያቄ ነው፤ ወዲያው ስጪው። በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ። ሲንጀሩ ይጠብቃል።

አንድ ነገር ረስቼ ነበር። ጆሮው ተመርምሯል? ስም ሲጠራ የማይዞር ልጅ መስማቱ መጀመሪያ መታየት አለበት። ቆርኪ ሲከፈት መምጣቱ ጥሩ ምልክት ነው፤ ምርመራውን ግን አይተካም።


ቆንጂት (አዳማ)

እኔ ወላጅ አይደለሁም። 26 ዓመቴ ነው፣ ኦቲዝም እንዳለብኝ የታወቀው በ24 ዓመቴ ነው። እስከዚያ «ኩሩ»፣ «ሰው ትንቃለች» ስባል ነው ያደግሁት። አዳማ ፍራንኮ አካባቢ በሥራ መውጫ ሰዓት ማለፍ ለኔ አሁንም ፈተና ነው፤ የባጃጁ ጥሩምባ ጥርሴ ውስጥ ነው የሚሰማኝ።

ፋርማሲስቱ ጥሩ ብለሃል፤ አንድ ነገር ግን ዘለልክ። ጥናቱ ሁሉ ስለ ልጅ ነው። ልጁ ሲያድግ የት እንደሚሠራ፣ እንቅልፉ፣ ጭንቀቱ፣ ይሄ ገና አሁን ነው የሚጠየቀው። እኛንም ምን ይጠና ብሎ መጠየቅ የተጀመረው በቅርቡ ነው።

የባቢ እናት፣ ቆርኪ መደርደሩን እንደ በሽታ አትዪው። እኔ የአዝራር ጣሳ ነበረኝ። ስደረድር ዓለም ጸጥ ትልልኝ ነበር። እናቴ አንድ ቀን ተናዳ ቆሻሻ ውስጥ ደፋችው። 20 ዓመት ሊሆነው ነው፤ አልረሳሁትም።


አቤል ታቦር

እሺ ስለ ክትባቱ ተሳስቼ ሊሆን ይችላል። 12 ልጅ መሆኑን አላውቅም ነበር። ስለ ጠበሉ ግን አልመለስም።


የባቢ እናት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቆንጂትዬ፣ ያንቺን ሳነብ ጣሳውን ከቁም ሳጥን ላይ አወረድኩት። ደብቄው ነበር። እንዴት እንዳፈርኩ።

ለባለቤቴ የ180ዎቹን ልጆች ነገር ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ዝም አለ። ቀብዱን እስከ ጥር አልቀበልም ብሏል። ሰውዬው ዛሬ ብቻ አራት ጊዜ ደወለ።

ቆጠራውን ሞከርኩት። ትናንት ስድስት ደረስኩ። ዛሬ አሥር ስሞላ ባቢ እጄን ይዞ ጣሳው ላይ አደረገው። እጄን እንደ ዕቃ ነው የያዘው፣ ፊቴን አላየኝም። ይቆጠራል?


ፋርማሲስቱ (ሐዋሳ፣ አቶቴ)

ይቆጠራል እንጂ! ወዲያው ስጪው። ፊትሽ ሲደርስበት ይደርሳል።

እናቴ አንቺን ላግኛት ብላለች። እሁድ ቡና ይዛ ሐይቁ ዳር ትምጣ ካልሽ አሞራ ገደል እንገናኝ?


የባቢ እናት

ጠዋት አሞራ ገደል አይሆንም፤ ጀልባው ሲገባ የዓሣ ሻጩ ጩኸትና ያ ትልልቁ አሞራ አንድ ላይ ነው፣ ባቢ ይረበሻል። ጉዱማሌ በኩል ይሁን፣ አንድ ሰዓት ላይ፣ ሰው ሳይበዛ። ስኒ እኔ ይዤ እመጣለሁ።